የበቆሎ ፕሮቲን፡ ከብዛት ወደ ጥራት

በአንድ መጋዘን ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ጆንያ በቆሎዎች በሚዛን እኩል፣ ለዓይንም አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ። ለልጆቻችን የሚሰጡት የገንቢ ምግብ ጥቅም ግን ሊለያይ ይችላል። ይህ ልዩነት እንዴት እንደታወቀ መረዳት ለአምራቹም ሆነ ለዩኒየኑ ይጠቅማል።

በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1896 አንድ የዘር መረጣ ሙከራ ተጀመረ። በመነሻው በቆሎ ውስጥ የነበረው ፕሮቲን 11 በመቶ ገደማ ነበር። ፕሮቲናቸው ከፍ ያለ ፍሬዎችን ለዘር እየመረጡ በመዝራት ከብዙ ትውልድ በኋላ መጠኑን ከ25 በመቶ በላይ ማድረስ ተቻለ። ይሁን እንጂ የጨመረው በአብዛኛው ዜይን የተባለው ፕሮቲን ነበር። ዜይን ደግሞ ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው ላይሲንና ትሪፕቶፋን የተባሉት አሚኖ አሲዶች እጅግ ያንሱታል። በመሆኑም የፕሮቲን መብዛት ብቻውን መፍትሔ አልሆነም።

እ.ኤ.አ. በ1964 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤድዊን መርትዝ፣ ሊን ቤትስና ኦሊቨር ኔልሰን፣ ኦፔክ 2 የተባለ የዘር ባሕርይ ያለው በቆሎ ከፍተኛ ላይሲን እንዳለው ይፋ አደረጉ። የፍሬው ጠቅላላ ፕሮቲን ከተለመደው በቆሎ ብዙም ባይበልጥም ጥራቱ የተሻለ ሆነ። ሆኖም ፍሬው ለስላሳና ዱቄታማ በመሆኑ ምርቱ ዝቅ አለ፤ ነቀዝም አጠቃው። በሜክሲኮ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የበቆሎና ስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት) ሱሪንደር ቫሳልና ኢቫንጀሊና ቪሌጋስ ለዓመታት ደክመው ፍሬውን ጠንካራ አደረጉት። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2000 የዓለም የምግብ ሽልማት አገኙ።

በሀገራችንም ቢ.ኤች.ኪው.ፒ. 542 የተባለው ዲቃላ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ዝናብ አጠር ለሆኑ አካባቢዎች የሚስማማው መልካሳ 6ኪው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ተለቀቁ።

ሆኖም ምርምሩ ያስገኘው ውጤት በማሳ ላይ ሊጠፋ ይችላል። ከጎረቤት ማሳ የተለመደው በቆሎ ብናኝ በነፋስ ከመጣ የተዳቀለው ፍሬ ጥራቱን ያጣል። ዱቄት ፋብሪካም ሆነ ነጋዴ ልዩነቱን በዓይን ስለማይለይ በአንድ ዋጋ ይገዛዋል። ስለዚህ አንድ ገበሬ ብቻውን ጥራቱን ሊጠብቅ አይችልም። ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ዘር በኩታ ገጠም ሲዘሩ፣ ማኅበሩ ምርቱን ለይቶ ሲረከብ፣ ዩኒየኑም ለብቻው አከማችቶ ሲሸጥ ግን ይቻላል። የኅብረት ሥራ ማኅበር የተቋቋመውም አንዱ ብቻውን የማይወጣውን ሥራ በጋራ ለመወጣት ነው።