ፓራውልት ከምን ይከላከላል? የኮረኮንች መኪና ጀርባ ታሪክ

ጋራዥ ገብታችሁ የመካኒኮችን ወሬ ካዳመጣችሁ፣ ሳታውቁት ጣልያንኛ እየሰማችሁ ነው። ኮፈን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ላሜራ፣ ቡሎን። ባምፐር የምንለውም እዚያ ስሙ ፓራውልት ነው፤ ከጣልያንኛው «ፓራኡርቲ» የመጣ። «ፓራ» የሚከላከል፣ «ኡርቲ» ግጭቶች፤ ሲገጣጠም ግጭት ተከላካይ ማለት ነው። ለከተማ መኪና ስሙ ልክ ነው። ከአስፋልት ለሚወጣ መኪና ግን፣ በተለይ ለኋላው ፓራውልት፣ ስሙና ሥራው ከተለያዩ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል።

እኔ ይህ የገባኝ ከመጽሐፍ አይደለም። አንድ የኋላ ፓራውልት ነድፌ ከተሰነጠቀብኝ በኋላ ነው። ወደሱ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን ታሪኩ ይቅደም። (ከታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1940 የአሜሪካ ጦር በየትኛውም መሬት የሚሄድ ቀላል መኪና እንዲሠሩለት 135 ኩባንያዎችን ጠየቀ። ጥሪውን ከምር የተቀበሉት ሁለት ብቻ ነበሩ። ባንታም የሚባለው ትንሽ ኩባንያ፣ ካርል ፕሮብስት በተባለ መሐንዲስ ንድፍ፣ የመጀመሪያውን ናሙና በ49 ቀን ውስጥ አስረከበ። ብዙው ምርት በኋላ ለዊሊስና ለፎርድ ተሰጠ፤ ጂፕ የምንለው መኪና በጦርነቱ ዘመን ከ600,000 በላይ ተመረተ።

የዚያን ጂፕ ፎቶ ካገኛችሁ ከፊት አትዩት፤ ዞር በሉና ጀርባውን ተመልከቱ። ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ፓራውልት የለውም። በግራና በቀኝ ሁለት አጫጭር ብረቶች፣ መሃል ላይ የመጎተቻ መንጠቆ፣ ከፍ ብሎ ደግሞ ትርፍ ጎማና ጀሪካን፤ በቃ። ብረት አጥሯቸው አይደለም። የኋላ ፓራውልት ወደ ኋላ በረዘመና ወደ ታች በወረደ ቁጥር፣ መኪናው ከጉድጓድ ሲወጣ ጭራው መሬት ይነካል።

መሐንዲሶች ይህን የሚለኩት «የመውጫ ማዕዘን» በሚሉት ቁጥር ነው። ከኋላ ጎማው ጠርዝ ተነስቶ የፓራውልቱን ዝቅተኛ ጫፍ እየነካ የሚያልፍ መስመር በሐሳባችሁ አስምሩ። ያ መስመር ከመሬት ጋር የሚፈጥረው ማዕዘን፣ መኪናው ጭራውን ሳያስነካ ሊወጣው የሚችለው የገደል ቁልቁለት ልክ ነው። እስቲ በቁጥር እንየው። የጎማው ቁመት 80 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ የፓራውልቱ የታች ጠርዝ ደግሞ ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር፣ ከኋላ አክስሉ መሃል 100 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ማዕዘኑ 29 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ያንኑ ጠርዝ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ብታደርጉት 34 ይደርሳል። «ጠንካራ ይሁን» ብላችሁ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ብታስረዝሙት ደግሞ ወደ 25 ይወርዳል። አንድ እርሳስ በማይሞላ ርዝመት የምትወጡትን ጉድጓድ ቀየራችሁት ማለት ነው። ማዕዘኖቹ ወደ ላይ የተቆረጡ የኋላ ፓራውልቶች የምታዩትም ለዚሁ ነው፤ መኪና ከቦይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ጠመም ብሎ ስለሚወጣ መጀመሪያ የሚመታው ጥጉ ነው።

ላንድሮቨር በ1948 አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ሲታይ ነገሩን አንድ እርምጃ ወሰደው። ጭራሽ የኋላ ፓራውልት አልነበረውም። የሻንሲው የመጨረሻ አግዳሚ ብረት ራሱ ነበር ጀርባው። የተሠራው ለገበሬ ነዋ! በዚያ አግዳሚ ላይ ጋሪ ይታሰራል፤ ከሞተሩ ጉልበት ተቀብሎ የእርሻ መሣሪያ የሚያሽከረክር ዘንግም በጀርባው በኩል ይወጣ ነበር። በ1960 የመጣው ባለ 40 ተከታታይ ላንድክሩዘርም ከኋላ ሁለት ትንንሽ የጥግ ብረቶች ብቻ ይዞ ነበር። ሦስቱም ጋ ጀርባው የሥራ ቦታ ነው። ግጭት መከላከል ዋና ጉዳያቸው አልነበረም።

የከተማው መኪና በዚያው ጊዜ በሌላ መንገድ እየሄደ ነበር። ፓራውልቱ በኒኬልና በክሮም አብረቅርቆ ከመከላከያነት ይልቅ ጌጥ እየሆነ መጣ። በመጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት ጣልቃ ገባና ከ1973 ሞዴል ጀምሮ፣ የተሳፋሪ መኪና በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ በፊቱ ከግድግዳ ቢላተም መብራቱና የነዳጅ ሥርዓቱ እንዳይጎዳ ደነገገ። ለኋላው መጀመሪያ 4 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በዓመቱ እሱም 8 ሆነ። በ1982 ግን መልሰው ሁለቱንም ወደ 4 አወረዱት።

ይህ ሕግ ለምን ፓራውልትን እንደለወጠ ትንሽ ስሌት ያስረዳል። 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና በ8 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሄድ 5,000 ጁል የሚጠጋ የእንቅስቃሴ ኃይል ይዟል። ፓራውልቱ 10 ሳንቲ ሜትር እየተጨማደደ ቢያቆመው፣ በአማካይ የሚያርፍበት ጉልበት የ5 ቶን ክብደት ያህል ነው። 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከተጨማደደ ግን ወደ 50 ቶን ይሄዳል። ስለዚህ ለግጭት ጥሩ የሚባለው ፓራውልት በልኩ የሚለሰልሰው ነው። ከላይ ፕላስቲክ፣ ከውስጥ አረፋ መሰል ነገርና የሚታጠፍ ብረት እየተለመደ የመጣው በዚሁ አመክንዮ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ያ ሕግ የተሳፋሪ መኪናን እንጂ ጂፕንና መሰሎቹን አይመለከትም ነበር፤ ዛሬም አይመለከትም። ለአውቶሞቢሉ የፓራውልት ፍተሻ የሚደረገው ከመሬት ከ40 እስከ 51 ሳንቲ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ነው። የመውጫ ማዕዘን ፍለጋ ከፍ የተደረገ የኮረኮንች መኪና ፓራውልት ከዚያ ክልል በላይ ሊሆን ይችላል። ከኋላው ፍሬን ያልያዘለት ትንሽ አውቶሞቢል ቢመጣ ፓራውልት ከፓራውልት አይገናኝም፤ የትንሿ ኮፈን ከሥሩ ይገባል። የመውጫ ማዕዘኑን የከፈለው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ይህንን ነገር የኋላ ፓራውልት የሚያሠሩ ሰዎች ሲያነሱት ብዙም አልሰማሁም።

የፋብሪካው ፓራውልት እየለሰለሰ ሲሄድ የገጠር ነጂዎች ችግር ገጠማቸው። በ1905 አሜሪካ ውስጥ ኢንዲያና ላይ ፊሊፕ ሃራ የሚባል ሰው የሠራው ረጅሙ የእርሻ ክሪክ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ግን ክሪኩ የሚያነሳበት ጠፍጣፋና ጠንካራ ጠርዝ ይፈልጋል። ክብ ፕላስቲክ ላይ ምን ይዞ ያነሳል? መጎተቻውስ የት ይታሰር? ስለዚህ ሰዎች የራሳቸውን ብረት መበየድ ጀመሩ። አውስትራሊያ ውስጥ አንቶኒ ሮናልድ ብራውን በ1975 የስሙን የመጀመሪያ ፊደላት ይዞ «ኤአርቢ» ብሎ ሥራውን የጀመረው ሜልቦርን ውስጥ በቤቱ ጋራዥ ነው። በሰሜን አውስትራሊያ ሲጓዝ የሰዎች ተጨማሪ ዕቃ መንገዱን አልችል ብሎ ሲሰባበር አይቶ ነበር። ከእሱና ከመሰሎቹ ነው ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሸጠው የብረት ፓራውልት ንግድ ያደገው።

የዚህ አዲስ ፓራውልት ሥራ ሦስት ነው፦ መጎተት፣ ማንሳት፣ መሸከም። መጎተቱ አደገኛው ነው። ጭቃ የዋጠውን መኪና ለማውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት ከመኪናው ክብደት ሊበልጥ ይችላል፤ የሚለጠጥ ገመድ ሲጨመርበት ደግሞ ኃይሉ እንደ ወንጭፍ ይጠራቀማል። ለተጎታች የተሠራውን ክብ ኳስ ለዚህ የተጠቀሙ ሰዎች ኳሱ ተሰብሮ እንደ ጥይት ሲወረወር ሕይወት ጠፍቷል። መጎተቻው ከጌጠኛው ቧንቧ ላይ ሳይሆን፣ ጉልበቱ በቀጥታ ወደ ሻንሲው ሁለት ረጃጅም ብረቶች እንዲገባ ተደርጎ መታሰር አለበት። ንድፉን ስትስሉ ደጋግማችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ ይኸው ነው፦ ይህ ጉልበት ከዚህ ተነስቶ ወዴት ይሄዳል?

መሸከሙ የዋህ ይመስላል። እኔን ያሳፈረኝ ግን እሱ ነው።

አጎቴ አሮጌ ሃርድቶፕ አለው። ትልቅ ጎማ ስለገጠመለት የኋላ በሩ የተሰቀለበትን ትርፍ ጎማ መሸከም አቅቶት ማጠፊያው ተንጋደደ። «አንተ ኢንጂነር አይደለህ፣ አንድ ነገር አድርግ እንጂ» አለኝ። እኔም ጎማውን በሚከፈት ክንድ የሚሸከም የኋላ ፓራውልት ሳልኩለት። ክብደቱን አስቤዋለሁ፦ ፓራውልቱና ጎማው አንድ ላይ 90 ኪሎ፣ ከኋላ አክስሉ 1.2 ሜትር ወደ ኋላ። በሁለቱ አክስሎች መካከል 2.7 ሜትር ካለ፣ የኋላው አክስል የሚጨምረው 90 አይደለም፤ 130 ኪሎ ነው። የፊቱ ደግሞ 40 ኪሎ ይቀልለዋል። ልክ እንደ ሚዛን ጨዋታ። እዚህ ድረስ ደህና ነበርኩ። ክንዱንም አሰላሁት፤ 35 ኪሎ ጎማ ከማጠፊያው በ70 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ መንገዱ ሲያናውጠው ክብደቱ ሦስት እጥፍ ይሁን ብዬ። ቱቦላሬው ከሚችለው አንድ ሦስተኛ እንኳን አልሞላም። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

በያጁ ሥዕሉን አገላብጦ አየና «ልጄ፣ ይሄ ክንድ ሲዘጋ የት ነው የሚያርፈው?» አለኝ።

«አያርፍም ጋሼ፣ መቆለፊያው ይይዘዋል።»

«ይይዘዋል እንጂ አይሸከመውም።»

ስሌቴን አሳየሁት። ዝም ብሎ በየደው።

በአራተኛው ወር አጎቴ ከጎባ ወደ ዶሎ መና ሲወርድ ከኋላ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ሰማ። ወርዶ ሲያይ ክንዱ ከማጠፊያው ቧንቧ ጋር የተበየደበት ቦታ ግማሽ ዙሩን ተሰንጥቋል። ከኋላው ሁለት ሰው የጫነ ሞተር ሳይክል ቁልቁለቱን ተጠግቶ እየተከተለው እንደነበር የነገረኝ ከሳምንት በኋላ ነው፤ በስልክ እንዳልደነግጥ ብሎ። ጎማውን ፈቶ ከውስጥ ጭኖ መንገዱን ጨረሰ።

እኔ ያሰላሁት አንድ ጊዜ የሚመጣ ከባድ ጉልበትን ነበር። የተሸበሸበ ፒስታ ግን የሚያመጣው ትንሽ ጉልበትን ሚሊዮን ጊዜ ነው። ክንዱ በሰከንድ 10 ጊዜ ቢነቀነቅ በአንድ ሰዓት 36,000 ጊዜ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አውግስት ቮህለር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ የባቡር አክስሎች ከሚችሉት በታች ተጭነው ለምን እንደሚሰበሩ ለዓመታት ሲፈትሽ ያገኘው ይህንኑ ነው፦ ብረት አንዴ ሲሸከመው ምንም የማይለውን ጉልበት ደጋግመው ካመላለሱበት ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ደግሞ የሚጀምረው ቅርጹ ድንገት ከሚለወጥበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከብየዳው ጠርዝ ነው። ይህንን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ፈተናውንም አልፌዋለሁ። በያጁ ግን ቮህለርን ሳይሰማ ያውቀው ነበር። ሲዘጋ በሁለት ጫፉ የሚያርፍ ክንድ አይወዛወዝም፤ የማይወዛወዝ ነገር ደግሞ አይደክምም።

የታሪኩ ሌላ አስገራሚ ገጽ የመጣው በ2013 ነው። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ የነዳጅ ታንካቸው ከኋላ አክስሉ በስተኋላ የሆነ የጂፕ ሞዴሎች ከኋላ ሲመቱ እሳት እንደሚነሳባቸው ገልጾ 2.7 ሚሊዮን ያህል መኪኖች እንዲጠሩ ጠየቀ። ኩባንያው መጀመሪያ አልቀበልም አለ፤ በኋላ ግን 1.56 ሚሊዮን ያህሉን ለመጥራት ተስማማ። መፍትሔው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የተጎታች መጎተቻ ብረት። ለመጎተት የተሠራው ብረት ታንኩን ከዝቅተኛ ፍጥነት ግጭት እንዲጋርድ ተገጠመ። ጀርባው ዞሮ ዞሮ «ፓራኡርቲ» ሆነ።

አሁን ሦስተኛው ሥዕል ላይ ነኝ። መጎተቻዎቹ በቀጥታ ሻንሲው ላይ፣ ክንዱ በሁለት ጫፍ አርፎ፣ ጥጎቹ ወደ ላይ ተቆርጠው። ከሥር ደግሞ ከሻንሲው በፊት እንዲታጠፍ ሆን ብዬ ያሳሳሁት ዝቅ ያለ ቧንቧ አለ፤ ከኋላ ለሚመጣው ትንሽ መኪና ስል። እሱ ግን የመውጫ ማዕዘኑን ስድስት ዲግሪ በላብኝ፤ አጎቴ ሲሰማ ፊቱን አጨማደደ። በያጁ ቧንቧውን በፒን የሚነቀል እናድርገው እያለ ነው፤ አስፋልት ላይ ይገጠማል፣ ኮረኮንች ላይ ይነቀላል። አጎቴ ያንን መልሶ መግጠሙን ያስታውሳል ወይ የሚለው ነው ያስጨነቀኝ። እሱን ደግሞ ያስጨነቀው ሌላ ነው። ትርፍ ጎማው ሰሌዳውን ስለሚሸፍን፣ ባለፈው ቅዳሜ ሥዕሉን ይዞ «ለትራፊክ ፖሊስ ምን ብዬ ነው የማስረዳው?» ሲለኝ ነበር።