ጥያቄውን የያዘው ማነው?

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 1956 ምሽት ኸርበርት ስቴምፕል የተባለ የኒውዮርክ ወጣት ድምፅ በማያስገባ የመስታወት ክፍል ውስጥ ቆሟል። ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጓል፤ ግንባሩ በላብ ርሷል። ሚሊዮኖች በቴሌቪዥን ይመለከቱታል። ጠያቂው የ1955 ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር የተሸለመው የትኛው እንደሆነ ጠየቀው።

ስቴምፕል መልሱን ያውቃል። ፊልሙ «ማርቲ» ነው፤ ወዶት ሦስት ጊዜ አይቶታል። የተጨነቀ መሰለ፣ ጥቂት አሰበ፣ ከዚያም የሌላ ፊልም ስም ጠራ። ተሳሳተ፤ በዚያው ምሽትም ተሸንፎ ወጣ።

ስህተቱ ግን የእሱ አልነበረም። «ትዌንቲ ዋን» የተባለው የኤንቢሲ የጥያቄና መልስ ፕሮግራም ፕሮዲዩሰር ዳን ኤንራይት እንዲሸነፍ አስቀድሞ ነግሮታል። ላቡን እንዴት እንደሚያብስ ሳይቀር አስጠንቶታል። ከዚያ በፊት ለሳምንታት ሲያሸንፍ የቆየውም መልሶቹ አስቀድመው ስለሚሰጡት ነበር። አሁን ግን የፕሮግራሙ ባለቤቶች አዲስ ጀግና ፈልገዋል። አዲሱ ጀግና ቻርልስ ቫን ዶረን ነው፤ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ መልከ መልካም፣ የታወቀ የምሁራን ቤተሰብ ልጅ። ቫን ዶረን 129 ሺህ ዶላር አሸነፈ፤ ፎቶው በ«ታይም» መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ፤ አሜሪካ የዕውቀት ፊት ይህ ነው ብላ ተቀበለችው።

ጉዱ የፈላው በ1958 ነው። ጉዳዩ ወደ ምርመራ ሲሄድ አብዛኞቹ ተወዳዳሪዎች በመሐላ ዋሹ። ምርመራውን የመራው ዐቃቤ ሕግ ጆሴፍ ስቶን እንደገመተው፣ በኒውዮርኩ ግራንድ ጁሪ ፊት ከቀረቡት 150 ያህል ምስክሮች ውስጥ እውነቱን ያልተናገሩት ወደ 100 ይጠጋሉ። ቫን ዶረን ራሱ ኖቬምበር 2 ቀን 1959 በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ መልሶቹ ይሰጡት እንደነበር አመነ። የመምህርነት ሥራውንም አጣ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነጥብ አለ። ከተወዳዳሪዎቹ የተከሰሱት በሐሰት በመመስከር እንጂ በማጭበርበር አልነበረም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የቴሌቪዥን ጥያቄና መልስን አስቀድሞ መልስ ሰጥቶ ማካሄድን የሚከለክል ሕግ አልነበረም። ሕጉ የወጣው ከውርደቱ በኋላ፣ በ1960 ነው። እስከዚያ ድረስ አገሩ በሙሉ ዓይኑን የጣለው መላሹ ላይ ነበር፤ የጥያቄውን ወረቀት የያዘውን ሰው የጠረጠረ አልነበረም።

የጥያቄና መልስ ውድድር ታሪክ ከዚያ ወዲህ ሲታይ ይኸው ነገር ተመላልሶ ይመጣል። ውድድሩ የሚፈትነው መላሹን ይመስላል። እውነተኛው ፈተና ያለው ግን ጠያቂው ዘንድ ነው፦ ማን ይጠይቃል? ምን ይጠይቃል? መልሱ ትክክል መሆኑንስ የሚወስነው ማነው?

*

ቫን ዶረን እውነቱን በተናገረበት በዚያው በ1959 ዓመት ሌላ ዓይነት ውድድር በአሜሪካ ቴሌቪዥን ብቅ ብሏል። «ኮሌጅ ቦውል» ይባላል። ዶን ሪድ የተባለ ሰው የፈጠረው ይህ ውድድር በ1953 በሬዲዮ ተጀምሮ ከስድስት ዓመት በኋላ ነበር ወደ ሲቢኤስ ቴሌቪዥን የተሻገረው። አራት አራት ተማሪዎች ያሏቸው ሁለት የኮሌጅ ቡድኖች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ጥያቄ ይነበባል፤ ቀድሞ ደወሉን የመታ ለብቻው ይመልሳል፤ ከመለሰ ቡድኑ ተጨማሪ ጥያቄ ያገኛል፤ በእሱ ላይ አራቱም ተመካክረው ይመልሳሉ።

የጥያቄ ፕሮግራሞች በየተራ በሚዘጉበት ወቅት ይኼኛው እንዴት ተረፈ? አንዱ ምክንያት ሽልማቱ ነው። ገንዘቡ ለተወዳዳሪው ኪስ ሳይሆን ለኮሌጁ ተማሪዎች የትምህርት ድጋፍ ይውል ነበር። ሁለተኛው የቡድን ሥራ መሆኑ ነው። አንድን ብቸኛ ሰው መስታወት ክፍል ውስጥ ጀግና ማድረግ ይቻላል፤ አራት ተማሪዎችን፣ አሠልጣኛቸውንና ኮሌጃቸውን በሙሉ ዝም ማሰኘት ግን ይከብዳል። ምስጢር በሁለት ሰው መካከል ይቀመጣል፤ ስምንትና ዘጠኝ ሰው ጋ ሲደርስ ወሬ ይሆናል።

ቡድኑ ሌላም ነገር አመጣ። በ1966 ከጆርጂያ የመጣ አግነስ ስኮት የተባለ ትንሽ የሴቶች ኮሌጅ፣ በዚያን ጊዜ ወንዶችን ብቻ ከሚያስተምረው ከስመ ጥሩው ፕሪንስተን ጋር ገጠመ። ብዙዎች ውጤቱን አስቀድመው የሚያውቁ መስሏቸው ነበር። በመጨረሻዋ ሰከንድ አንዲት ዓይነ ስውር ተማሪ የሰጠችው መልስ አግነስ ስኮትን 220 ለ 215 አሸናፊ አደረገው። ያቺ ምሽት በኮሌጁ ውስጥ እስከ ዛሬ ትወሳለች። ጥያቄው ለሁሉም እኩል ሲነበብና ደወሉ የማንንም ስም ሳይለይ ሲጮኽ፣ የተቋም ዝና ነጥብ አያስቆጥርም።

*

እንግሊዞች ይህንኑ ውድድር ወስደው በሴፕቴምበር 1962 «ዩኒቨርሲቲ ቻሌንጅ» ብለው ጀመሩት። ግራናዳ ቴሌቪዥን ያዘጋጀው ነበር፤ ባምበር ጋስኮይን ለ25 ዓመት በጨዋነት ጠየቀበት። በ1987 ተቋርጦ በ1994 በቢቢሲ ሁለት ሲመለስ ወንበሩን የያዘው በኃይለ ቃሉ የታወቀው ጋዜጠኛ ጄረሚ ፓክስማን ነው፤ በ2023 ለአሞል ራጃን አስረክቧል። በቴሌቪዥን ዓለም እንዲህ ዕድሜ የሚጠግብ ፕሮግራም ጥቂት ነው።

ፕሮግራሙ ከጥያቄዎቹ ሁሉ የከበደ ጥያቄ የገጠመው ግን በ1975 ነው፤ ያውም ከመላሾቹ ወንበር። የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የውድድሩን ደንብ ተመለከቱ። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ በእያንዳንዱ ኮሌጃቸው ስም ለየብቻ ቡድን ይልካሉ፤ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ግን የቱንም ያህል ብዙ ተማሪ ቢኖረው አንድ ቡድን ብቻ ነው ያለው። ጥቂት መቶ ተማሪዎች ያሉት አንድ የኦክስፎርድ ኮሌጅ ከመላው ማንቸስተር ጋር እኩል ተቆጥሯል ማለት ነው። ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ ስቱዲዮ ገብተው ተቀመጡ፤ ከዚያም ለሚቀርብላቸው ጥያቄ «ማርክስ»፣ «ሌኒን»፣ «ትሮትስኪ»፣ «ቼ ጉቬራ» እያሉ መመለስ ጀመሩ። ከቡድኑ አባላት አንዱ ኋላ የታወቀ የጋዜጣ አምደኛ የሆነው ዴቪድ አሮኖቪች ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ለዓመታት ከውድድሩ ታገደ። ደንቡ ደግሞ አልተለወጠም፤ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ዛሬም የሚወዳደሩት በኮሌጅ ነው። ተማሪዎቹ ባለጉ ያለ ነበር፣ ቀለዱ ያለም ነበር። ያነሡት ነጥብ ግን ቀልድ አይደለም፦ ጥያቄው ለሁሉም እኩል ቢሆንም ወንበሩ እኩል ካልተደለደለ ውድድሩ አስቀድሞ ተዛብቷል።

የዚያው ታሪክ ሌላ ገጽ በ2009 ተገለጠ። በፍጻሜው የኦክስፎርዱ ኮርፐስ ክሪስቲ ኮሌጅ ማንቸስተርን 275 ለ 190 አሸነፈ። ቆየት ብሎ ግን ከአሸናፊዎቹ አንዱ ውድድሩ ሳይጠናቀቅ ተማሪነቱ እንዳበቃ ታወቀ። ዋንጫው ተነጥቆ ለማንቸስተር ተሰጠ። አዘጋጆቹ አሸናፊው ሕዝብ የወደደው ቡድን መሆኑን እያወቁ ደንቡን በራሳቸው ፍጻሜ ላይ ተገበሩት። «ትዌንቲ ዋን» ያጣው ይህንን ነው። እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል? ተወዳዳሪ ቢሳሳት ዳኛ ያርመዋል። ዳኛው ራሱ ሲያጠፋ ግን የሚያርመው ሕግና ሕጉን ለመጠቀም የሚደፍር ሰው ብቻ ነው።

*

ጠያቂው ቅን ቢሆን እንኳ መልሱ ከየት እንደመጣ ሌላ ጣጣ አለው። በ1979 በሞንትሪያል ሁለት ካናዳውያን፣ ክሪስ ሄኒና ስኮት አቦት፣ «ትሪቪያል ፐርሱት» የተባለውን የጥያቄ ጨዋታ ፈጠሩ፤ ጨዋታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ፍሬድ ዎርዝ የተባለ አሜሪካዊ ደግሞ ከዚያ በፊት የጠቅላላ ዕውቀት መድበሎች አሳትሞ ነበር። የሚቀዳበትን ሌባ ለመያዝ ሲል በመጽሐፉ ውስጥ አንድ የፈጠራ «ዕውቀት» ቀበረ፤ ኮሎምቦ የተባለው የቴሌቪዥን መርማሪ የመጀመሪያ ስሙ ፊሊፕ ነው አለ። ጨዋታው ሲወጣ «ፊሊፕ» እንደ ትክክለኛ መልስ ካርዱ ላይ ተገኘ።

ዎርዝ 300 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ከሰሰ። ፈጣሪዎቹም መጽሐፉን ከሌሎች ምንጮች ጋር መጠቀማቸውን አልካዱም። ፍርድ ቤቱ ግን ዕውነታ የማንም የግል ንብረት አይደለም ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገው። ሕጉ እንዲያ ይበል፤ የታሪኩ ቁም ነገር ሌላ ነው። በየቤቱ «ፊሊፕ» ብሎ የመለሰ ሰው ነጥብ አግኝቷል፤ «አይታወቅም» ያለው ተሸንፏል። ካርዱ ላይ የታተመ ስህተት እውነትን ያሸንፋል፤ ምክንያቱም የጨዋታው ዳኛ ካርዱ ነው።

*

ጠያቂውን ከዙፋኑ ለማውረድ የሞከረ ውድድርም አለ፤ የተገኘውም ብዙዎች ባልጠበቁት አገር ነው። በሴፕቴምበር 1975 በሶቪየት ኅብረት ቴሌቪዥን «ምን? የት? መቼ?» የተባለ ፕሮግራም ተጀመረ። ፈጣሪው ቭላዲሚር ቮሮሺሎቭ ነበር። ፕሮግራሙ ኋላ በያዘው መልክ ስድስት አዋቂዎች ክብ ጠረጴዛ ይከባሉ፤ የሚሾር እንዝርት መሳይ ነገር ከተደረደሩት ፖስታዎች አንዱን ይመርጣል፤ በፖስታው ውስጥ ያለው ጥያቄ ከተመልካች በደብዳቤ የተላከ ነው። ስድስቱ ለአንድ ደቂቃ ይመካከሩና ይመልሳሉ። ቀድሞ ስድስት ነጥብ የያዘ ያሸንፋል። ተጋጣሚዎቹ ሁለት የአዋቂ ቡድኖች አይደሉም፤ በአንድ ወገን አዋቂዎቹ፣ በሌላው ወገን ሕዝቡ ነው።

ጥያቄዎቹም የሽምደዳ አልነበሩም። በማሰብና በመነጋገር የሚደረስባቸው ናቸው፤ ስለዚህ ተመልካቹ የሚያየው መልሱን ብቻ ሳይሆን ስድስት ሰዎች እየተከራከሩ ወደ መልሱ ሲሄዱ ነው። በእርግጥ ደብዳቤዎቹን የሚያጣሩ አዘጋጆች ነበሩ፤ ሥልጣን ጨርሶ አልጠፋም። ሆኖም ጋዜጣው፣ ሬዲዮውና የፓርቲው ስብሰባ መልስ ብቻ በሚያድሉበት አገር፣ ከሩቅ ከተማ የሆነ ሰው ፖስታ ልኮ የሞስኮ አዋቂዎችን መርታት መቻሉ ትንሽ ነገር አይደለም።

*

ኢትዮጵያ ውስጥ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው የቡድን ጥያቄና መልስን ያውቀዋል። 8ኛ «ሀ» ከ8ኛ «ለ»፤ ሚኒ ሚዲያው የድምፅ ማጉያውን ያዘጋጃል፤ መምህሩ ወረቀቱን ይይዛል፤ በወላጆች በዓል ላይ አሸናፊው ደብተርና መዝገበ ቃላት ይሸለማል። የዚያ ወረቀት አደራ ምን ያህል እንደሚከብድ አገሩ የተማረው ግን በሌላ ቦታ ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል መግቢያ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ በመላ አገሪቱ ተሰረዘ። ከ250 ሺህ በላይ ተፈታኞች እስከ ሰኔ መጨረሻ ጠብቀው እንደገና ተቀመጡ። ያኔም ችግሩ የተገኘው ከመላሾቹ ዘንድ አልነበረም።

ወረቀቱ ባይሰረቅም ጥያቄው ራሱ አንድ ነገር ይደብቃል። በትምህርት ቤት ውድድር ላይ «ለአድዋ ጦርነት ምክንያት የሆነው የውጫሌ ውል አንቀጽ ስንት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ «17» ያለው ነጥቡን ይወስዳል፤ ጭብጨባ ይከተላል፤ ቀጣዩ ጥያቄ ይነበባል። አንቀጽ 17 ግን ቁጥር አይደለም። በአማርኛው ኢትዮጵያ ከፈለገች በጣሊያን በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መጻጻፍ ትችላለች የሚል ሲሆን፣ በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ። አገር ያዋጋው ጽሑፉን የያዘው ወገን መልሱንም ለመያዝ መሞከሩ ነው። ቁጥሩን የሚያውቅ ልጅ አሸንፏል፤ «ሁለቱ ጽሑፎች ለምን ተለያዩ?» ብሎ መጠየቅ የፈለገው ግን ደወል አልተሰጠውም።

የሚገርመው፣ ከሚኒ ሚዲያው በፊት በየቤቱ ምድጃ ዳር የነበረው ውድድር ይህን ያውቅ ነበር። «እንቆቅልሽ» ይላል አንዱ፤ «ምን አውቅልህ» ይላል ሌላው። መላሹ ካቃተው አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው አገሩን ተቀብሎ መልሱን ይፈታል። ሽልማቱ ደብተር ሳይሆን አገር ነው፤ ግን የተሰጠው አገር ብዙ አይቆይም፤ ተራው ይዞራልና። ቅድም መላሽ የነበረው አሁን ጠያቂ ይሆናል። መልሱ የማያሳምን ከሆነም ከምድጃው ዙሪያ የተቀመጠው ሁሉ ይከራከራል። በዚያ ጨዋታ ላይ ወረቀቱን ለዘለዓለም የያዘ ሰው የለም።

ዛሬ ጥያቄና መልስ ከቴሌቪዥን ወደ ስልክ ወርዷል፤ በየቀኑ አንድ ሰው ስለ አገር ታሪክ አራት ምርጫ ያቀርባል፤ አንዱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሦስቱ ቀይ። ሰዉ ስንት እንዳገኘ ይቆጥራል። አረንጓዴው ለምን አረንጓዴ እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስቴምፕል በመስታወቱ ክፍል ውስጥ ትክክለኛውን መልስ እያወቀ የተሳሳተውን ሲናገር ሚሊዮኖች አዩት፤ ሚሊዮኖቹ ያዘኑለት አለማወቁን አምነው ነበር። ያላወቁት እነሱ ነበሩ፤ ማንን መጠየቅ እንዳለባቸው።