የእሽግ መለያ፦ «ሺፒንግ ሌብል»ን በአማርኛ

ከኦክላንድ ወይም ከሳን ሆዜ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና አሽጎ ወደ ሌላ ስቴት የሚልክ ነጋዴ ካርቶኑ ላይ የሚለጥፈውን ወረቀት «ሌብል» ይለዋል። ወደ አማርኛ ይመለስ ሲባል ቶሎ የሚመጣው «የአድራሻ ወረቀት» ነው፤ እኔ ግን «የእሽግ መለያ» እንዲባል እሟገታለሁ። አድራሻው ከወረቀቱ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ከጎኑ የላኪው ስም፣ የአገልግሎቱ ዓይነት፣ ክብደቱ፣ ክፍያው መፈጸሙን የሚያሳይ ምልክት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባርኮዱና የመከታተያ ቁጥሩ አሉ። የአሜሪካ ፖስታ ባርኮድ ከ1963 ጀምሮ የሚሠራበትን ዚፕ ኮድ ከእሽጉ የራሱ ቁጥር ጋር አንድ ላይ ይይዛል፤ መለያ ማሽኑም እሽጉን ወዴት እንደሚልከው የሚያውቀው ከዚሁ ነው። ቁጥሩ ለአንድ እሽግ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠ በመሆኑ ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ አድርጎ በሁለት ካርቶን ላይ መለጠፍ አይፈቀድም። አድራሻ ቢሆን ኖሮ መቶ ጊዜ መገልበጥ ይቻል ነበር።

ነገሩን እንደ መለያ ያየ ሰው ሲያትምም ይጠነቀቃል። መለያው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በፒዲኤፍ ነው፤ ይህን የፋይል ዓይነት በ1993 ያወጣው አዶቢ ሲሆን ዋና መሥሪያ ቤቱም እዚያው ሳን ሆዜ ነው። ፒዲኤፍ የተነደፈበትን መጠን ይዞ ይቆያል፤ መጠኑ የሚዛባው ፕሪንተሩ «ከገጹ ጋር አስማማ» ሲባል ነው። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው ሌተር ወረቀት 8.5 በ11 ኢንች ነው፤ ለሁለት ሲቆረጥ ሁለት ባለ 8.5 በ5.5 ኢንች መለያ ይወጣዋል። ኢትዮጵያ የምንጠቀምበት ኤ4 ግን 210 በ297 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ከሌተር ጠበብና ረዘም ይላል። በኤ4 የተሰናዳ ገጽ ሌተር ላይ እንዲገጥም ሲደረግ ወደ 94 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ የባርኮዱ መስመሮችም አብረው ይቀጥናሉ። ባርኮዱ በግራና በቀኝ ሩብ ኢንች ያህል ነጭ ቦታም ይፈልጋል። አርማ ወይም ማስዋቢያ አስጠግቶ የሚነድፍ ሰው ይህን ቦታ ይሻማል፤ ማሽኑም ባርኮዱ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ መለየት ያቅተዋል።

«ሌብል ማለቱ ይበቃል፣ ሁሉም ይገባዋል» የሚል አይጠፋም። ለንግግር ይበቃል። ሥራውን ለጀማሪ በጽሑፍ ለማስረዳት ግን የሽሮው ማሸጊያ ላይ የሚለጠፈውም ያው «ሌብል» ስለሚባል ሁለቱ ይምታታሉ፤ «የእሽግ መለያ» ይለያቸዋል። 4 በ6 ኢንች የሚያትመው የሙቀት ፕሪንተር እያለ በተራ ወረቀት መድከም ለምን ለሚለውም መልስ አለ፦ በቀን ብዙ ካርቶን ለሚልክ መግዛቱ ያዋጣዋል፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ለሚልክ ግን ቤቱ ያለው ሌዘር ፕሪንተር በቂ ነው። ወረቀቱ በካርቶኑ ሰፊ ገጽ ላይ ጠርዝ ሳይታጠፍ ይለጠፍ፤ ዳር ዳሩ በፕላስተር ይያዝ፤ ባርኮዱ ላይ ግን ፕላስተር አይለፍበት፤ ነጸብራቁ ንባቡን ያውካል።

መለያው በአማርኛ መጻፍ አለበት የሚሉ ወገኖች ሐሳብ የሚከበር ነው፤ ነገር ግን ከካሊፎርኒያ ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ እሽግ ቢያንስ የከተማውና የአገሩ ስም በእንግሊዝኛ ሊሰፍርበት ይገባል። አማርኛው ከሥሩ ቢታከል፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ለሚረከበው ሠራተኛ ይጠቅመዋል። ወደዚያ የምትልኩ ከሆነ የተቀባዩን የፖስታ ሳጥን ቁጥርና ስልክ ሳትጽፉ ካርቶኑን አታስረክቡ።