አንቲጂን ያስተምራል ወይስ ይመርጣል?

ወደ ሰውነት የሚገባ እንግዳ ነገር፣ የበሽታ ዘር ቢሆን ወይም መርዝ፣ በደም ውስጥ ተቃዋሚውን ያስነሣል። የሚያስነሣው አንቲጂን፣ የሚነሣውም ተቃዋሚ አንቲቦዲ ይባላል። ሁለቱ ልክ ለልክ ይገጥማሉ። ልክነቱ ከወዴት መጣ የሚለው ጥያቄ ሊቃውንትን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አከራክሯል፤ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተውም ይህንኑ ክርክር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በበርሊን ነው። በ1890 ዓ.ም. ኤሚል ቤሪንግና ጃፓናዊው ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ የመንጋጋ ቆልፍን መርዝ እንድትቋቋም ካደረጓት ጥንቸል የደሟን ውሃ ወስደው አይጦችን ቢወጉ፣ አይጦቹም መርዙን ተቋቋሙት። ኃይሉ በደሙ ፈሳሽ ውስጥ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ፓውል ኤርሊኽ በ1897 ዓ.ም. ነገሩን ሲያብራራ፣ በሕዋሳት ገጽ ላይ ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸው እጆች አስቀድመው ይገኛሉ፤ መርዙ የሚገጥመውን እጅ ሲይዝ ሕዋሱ ያንኑ እጅ አብዝቶ ሠርቶ ወደ ደም ይለቀዋል አለ። እንግዲህ በኤርሊኽ አስተያየት አንቲጂን መራጭ እንጂ አስተማሪ አይደለም።

ይህን አሳብ ያናጋው የደም ዓይነቶችን በማግኘት የታወቀው የቪየናው ካርል ላንድሽታይነር ነው። በቤተ ሙከራ የተቀመሙ፣ በተፈጥሮ የማይገኙ ኬሚካሎችን ከፕሮቲን ጋር እያጣበቀ እንስሳትን ቢወጋ፣ ለእያንዳንዱ የተለየ አንቲቦዲ ተገኘ። ጥንቸል ከዘር ማንዘሯ አንዲቱም እንኳ ያላየችውን ነገር የሚይዝ እጅ ምን ብላ አስቀድማ ታዘጋጃለች? እኛም በዚያ ጊዜ ብንኖር ኖሮ ከኤርሊኽ ተቃዋሚዎች ጋር በቆምን ነበር።

ስለዚህ በ1930 ዓ.ም. በፕራግ ብራይንልና ሃውሮቪትስ፣ በ1940 ዓ.ም. ደግሞ በካሊፎርኒያ ሊነስ ፖሊንግ፣ አንቲጂን እንደ ማኅተም፣ አንቲቦዲም እንደ ሰም ነው የሚል አሳብ አቀረቡ። ፕሮቲኑ በአንቲጂኑ ላይ ተጣጥፎ ቅርጹን ይቀበላል ማለት ነው። ፖሊንግ እንዲያውም በ1942 ዓ.ም. አንቲቦዲን ከሰውነት ውጭ በብርጭቆ ውስጥ ሠራሁ ብሎ አስታወቀ፤ ሌሎች ግን ሊደግሙት አልቻሉም። እንዲህ ያለ ታላቅ ሊቅ መሳሳቱ ለእኛ ለተማሪዎች ጥቂት መጽናኛ ነው።

ሰምና ማኅተም የማይፈቱት ነገር ነበረ። የተከተበ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ በሽታው ሲመጣበት፣ አንቲቦዲ የሚያወጣው ከመጀመሪያው ይልቅ ፈጥኖና አብዝቶ ነው። ማኅተሙ ከጠፋ በኋላ ሰሙ እንዴት ያስታውሳል? ዴንማርካዊው ኒልስ የርነ በ1955 ዓ.ም. የምርጫን አሳብ እንደገና አነሣው፤ በ1957 ዓ.ም. አውስትራሊያዊው ማክፋርሌን በርኔት፣ በአሜሪካም ዴቪድ ታልሜጅ ለብቻው፣ የሚመረጠው ሕዋሱ ራሱ ነው አሉ። እያንዳንዱ ሕዋስ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ይሠራል፤ አንቲጂኑ ሲያገኘው ይራባል፤ ከዘሮቹም አንዳንዶቹ ለመጪው ጊዜ ይቆያሉ። በ1958 ዓ.ም. ጉስታቭ ኖሳልና ጆሹዋ ሌደርበርግ በሁለት አንቲጂን ከተወጋ አይጥ ሕዋሳትን አንድ በአንድ ለይተው ቢመረምሩ፣ አንዱ ሕዋስ የሚያወጣው አንዱን አንቲቦዲ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ኤድጋር ሃበር የአንቲቦዲን ቅርጽ አፍርሶ፣ አንቲጂን በሌለበት መልሶ እንዲታጠፍ ቢያደርገው፣ የመያዝ ኃይሉ ተመለሰለት። ሰሙ ያለ ማኅተም ቅርጹን ያውቅ ነበር።

የላንድሽታይነር ጥያቄ ግን እስከ 1976 ዓ.ም. ቆየ። በባዝል ይሠሩ የነበሩት ኖቡሚቺ ሆዙሚና ሱሱሙ ቶኔጋዋ፣ በፅንስ ውስጥ ተራርቀው የሚገኙት የአንቲቦዲ ጂን ቁርጥራጮች አንቲቦዲ በሚሠራው ሕዋስ ውስጥ ተቀራርበው መገኘታቸውን አሳዩ። ጥቂቶቹ ቁርጥራጮች በልዩ ልዩ መንገድ እየተጋጠሙ ስፍር ቁጥር የሌለው ቅርጽ ይሰጣሉ፤ ጥንቸሏም ያላየችውን ኬሚካል የምትይዝበት እጅ ከዚያ መካከል ይገኛል።