ራሱን የተከናነበው ዓባይ



የጥንት ግሪኮች እንዲህ የሚል ተረት ነበራቸው። የፀሐይ አምላክ ልጅ ፋኤቶን የአባቱን ሠረገላ ለአንድ ቀን ይነዳ ዘንድ ለመነ፤ በተፈቀደለትም ጊዜ ፈረሶቹን መግታት ተስኖት ምድርን አቃጠላት። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ሰዎች መልክ ጠቆረ፤ ዓባይም ደንግጦ ወደ ዓለም ዳርቻ ሸሸና ራሱን ሸሸገ ሲል የሮማው ባለቅኔ ኦቪድ ጽፏል።

ይህ ተረት ባሮክ በሚባለው የሥነ ጥበብ ዘመን በመዳብ ሰሌዳ እየተቀረጸ በወረቀት ይታተም ነበር። ከአንድ ሰሌዳ ብዙ ቅጂ ስለሚወጣ ሥዕሉ በየአገሩ ይደርሳል። አንቶንዮ ቴምፔስታ የኦቪድን ተረቶች የሣለባቸው 150 ሥዕሎች በ1606 በአንትወርፕ ታትመዋል፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው። በ1651 ደግሞ በርኒኒ በሮማ፣ በናቮና አደባባይ፣ የአራቱን ወንዞች ፏፏቴ ሠርቶ ፈጸመ። በዚያ ዓባይ በግዙፍ ሰው አምሳል ራሱን ተከናንቦ ይታያል፤ ምንጩ አይታወቅም ለማለት ነው። ይህንኑ ፏፏቴ ፋልዳ በመዳብ ቀርጾ አሠራጨው።

ይሁን እንጂ የኢየሱሳውያኑ መነኩሴ ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋራ ተጉዞ፣ ከእንጅባራ በስተምሥራቅ በሰከላ የሚገኘውን የግሽን ምንጭ በ1618 አይቶ ነበር። ስለ ፏፏቴው ሐውልት መጽሐፍ የጻፈው ሊቅ ኪርከርም የፓኤዝን ቃል በ1652 አሳተመ። ከዚህም የሚያስደንቀው፣ ፏፏቴው ገና በመሠራት ላይ ሳለ፣ በ1649፣ ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ በዚያችው በሮማ ከተማ ነበሩ። ጀርመናዊው ሉዶልፍ ከእርሳቸው ሰምቶ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ፣ ስለ ዓባይ ምንጭ በተነገረበት ስፍራ፣ የዛሬዋን ዳንግላን የሚያስታውስ ስም ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ ቀራጩ የዓባይን ራስ ሲሸፍን፣ የሚገልጠው ሰው በዚያው ከተማ ይኖር ነበር።

ፓኤዝም ቢሆን የተሰወረ ነገር አላገኘም። የአገው ሕዝብ ምንጩን እንደሚያከብርና ከብት እንደሚሠዋበት እርሱ ራሱ መስክሯል። ለአገው ገበሬ ዓባይ አንድም ቀን ራሱን ሸሽጎ አያውቅም።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ብዙ ጊዜ የታየ ሥዕል እንደ ዕውቀት ይቈጠራል፤ እውነቱ ታትሞ ከወጣ በኋላም እንኳ ሥዕሉ ከቦታው አይነሣም። እኛም በመዝገብ ላይ «ያልታወቀ» ብለን ከመጻፋችን በፊት፣ «በማን ዘንድ ያልታወቀ?» ብለን የአገሬውን ሰው ብንጠይቅ መልካም ነው።