ቤት ለውጦ ስለ ማስመስከር

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፥ በአንድ ቤት ዜማ የተማረ ደቀ መዝሙር ለከፍተኛው ትምህርት ወደ ሌላ ጉባኤ የሚሻገርበትን ልማድ ነው።

በ6ኛው መቶ ዓመት ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጠው ድጓ ቤተ ልሔም፥ ቆማ፥ አጫብርና ተጉለት የሚባሉ የዜማ ቤቶች አሉት። የምስክሩም ስፍራ እንደ ትምህርቱ ይለያያል፤ ይኸውም ለድጓ በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም፥ ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባ፥ ለአቋቋም ጎንደር በኣታ ነው። ስለዚህ ከአብርሃ ጅራ ቆላ የሚነሣ ተማሪ በእነዚህ ለማስመስከር ቢሻ ወደ ደጋው መውጣት ግድ ይሆንበታል።

በቆማ ያደገም ወደ ቤተ ልሔም ሲመጣ የለመደውን ዜማ በአዲሱ ቤት ሥርዓት ማረም አለበት። ምስክሩን የሚሰጠው መምህሩ ራሱ አድምጦ ነውና፥ የቀድሞው ዕውቀት ድካሙን ቢያቀልለትም ፈተናውን አያስቀርለትም።

በአስተያየታችን ዜማውን ከመደበላለቅ የጠበቀው ይህ ጥብቅነት ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ዓመታቱን በመንገድና በቁራሽ ልመና ያሳለፈው ተማሪ ነው።