ሄርሜስ፤ የመልእክተኞችና የወሰን አምላክ

የጥንት ግሪኮች ካመለኳቸው አማልክት መካከል የዜውስና የማያ ልጅ ሄርሜስ የአማልክት መልእክተኛ ይባል ነበር። በአርቃድያ አገር፥ በኪሌኔ ተራራ ዋሻ ውስጥ እንደ ተወለደ ይተርኩ ነበር። በሥዕልና በቅርጽ ብዙ ጊዜ የሚታየው ክንፍ ያለው ጫማ ተጫምቶ፥ የመልእክተኛ በትር ይዞ ነው። ይሁን እንጂ ግብሩ ቃል በማድረስ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። መንገደኛውን፥ ነጋዴውን፥ እረኛውንና ሌባውን ሳይቀር የሚጠብቅ፥ የሙታንንም ነፍስ ወደ ማረፊያቸው የሚመራ እርሱ ነበር። እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሁሉም ወሰን ተሻጋሪዎች ናቸው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ዓመት ገደማ በተጻፉት የጲሎስ የሸክላ ጽላቶች ላይ ስሙ ስለሚገኝ፥ አምልኮው እጅግ የቈየ መሆኑ ይታወቃል። ብዙ ሊቃውንት ስሙን በመንገድ ዳርና በወሰን ላይ ከሚከመረው የድንጋይ ክምር ስም ጋራ ያዛምዱታል። በኋላ ዘመን አቴናውያን ጢማም ራስ የተቀረጸበት ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ዓምድ በየደጃፉና በየመንገዱ ያቆሙ ጀመር፤ ዓምዱም በአምላኩ ስም ይጠራ ነበር።

የእነዚህ ዓምዶች ክብር ምን ያህል እንደ ነበረ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ415 ዓመት በአቴና የደረሰው ነገር ያስረዳል። ታላቁ የመርከብ ጦር ወደ ሲሲሊያ ሊዘምት በተዘጋጀበት ወራት፥ በአንድ ሌሊት ከከተማው ዓምዶች የሚበዙት ፊታቸው ተሰባብሮ ተገኘ። የመንገደኞች ጠባቂ በጉዞ ዋዜማ ስለ ተደፈረ፥ ሕዝቡ ነገሩን ለዘመቻው ክፉ ምልክት፥ ለመንግሥቱም የሤራ መጀመሪያ አድርጎ ቈጠረው። በዚሁ ምርመራ መካከል ከጦር አለቆቹ አንዱ አልቂብያዴስ በምሥጢራተ አምልኮ ላይ አፊዟል ተብሎ ተከሰሰ። ከዘመተም በኋላ ለፍርድ ቢጠራ ሸሽቶ ወደ ጠላት አገር ወደ ስፓርታ ገባ። ጦሩም በ413 ዓመት በሲሲሊያ ፈጽሞ ጠፋ።

ሮማውያን ይህን አምላክ ሜርኩሪዮስ ብለው ከሁሉ ይልቅ የንግድ ጠባቂ አደረጉት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ495 ዓመት ቤተ መቅደሱ ሲመረቅ ሁለቱ ቆንስሎች በምረቃው መብት ተከራከሩ። ታሪክ ጸሓፊው ሊቪ እንደሚተርከው፥ ሕዝቡ ሁለቱንም ትቶ ክብሩን ማርቆስ ሌቶርዮስ ለተባለ የመቶ አለቃ ሰጠ።

የሄርሜስ ስም ለአማርኛ አንባቢም እንግዳ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 14 እንደ ተጻፈው፥ የልስጥራን ሰዎች ሽባው ተፈውሶ ባዩ ጊዜ በርናባስን ድያ፥ በመናገር ቀዳሚ የነበረውን ጳውሎስን ሄርሜን አሏቸው። ድያና ሄርሜን ማለት ዜውስና ሄርሜስ የሚሉት ስሞች በግሪክ ሰዋስው ተሳቢ ሲሆኑ የሚይዙት መልክ ነው። ካህኑ ኰርማዎችና የአበባ አክሊሎች አምጥቶ ሊሠዋላቸው ሲነሣ፥ ሐዋርያት ልብሳቸውን ቀደው ሰዎች መሆናቸውን ተናገሩ፤ ሕዝቡንም በጭንቅ አስተዉት።

ልስጥራውያን ተናጋሪውን እንግዳ ሄርሜስ ማለታቸው እንደ ልማዳቸው ነበር፤ በእነርሱ ዘንድ ከወሰን ማዶ ቃል ይዞ የሚመጣ ራሱ አምላክ ነበርና። ጳውሎስ ግን መልእክተኛነቱን ሳይክድ አምልኮውን ለላከው መለሰ።